ኮለምበስ ላይ ያየኋቸው የጆሮ ኮረብቶች

አሰላ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ስፋት ይጠይቀኛል። ፎቅም አይቻለሁ፣ መንገዱም ሰፊ ነው። አሜሪካ ድረስ ሄጄ ያየሁት ትልቁ ነገር ግን አንዲት የውሻ ቡችላ ጆሮ ውስጥ ነበር ስላቸው ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ደግሞ እንዴት ሆኖ ይሉኛል። ለሁሉም ለየብቻ ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ የቀረውን የተማርኩት ወፍጮ ቤት ነው። እጄ ቀስ ይላል እንጂ ያየሁትን አልረሳም።

ቅዳሜ

ከአሰላ የወጣሁት ሳይነጋጋ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ለልጃችን ለየሺ በሶ፣ ሽሮና ቋንጣ ስትቋጥር ሰንብታ ሻንጣው ለሁለት ሰው የሚከብድ ሆኗል። ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ልማዴ በግራ መስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ይህን ልማዴን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት የእህል ወፍጮ ላይ ነው፤ ሞተሩ በግራዬ፣ ባለ እህሉ በቀኜ ነበር። ሞተሩ ሲጮህበት ኖሮ ኖሮ ግራው ዝም አለ። በየትኛው ዓመት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ እንደ ሻማ ቀስ ብሎ ነው ያለቀው። ስለዚህ የትም ስቀመጥ ቀኜን ለሰው፣ ግራዬን ለግድግዳ እሰጣለሁ።

አውሮፕላን ላይ ግን ቦታ የሚመርጥልህ ወረቀቱ ነው። ለኔ የደረሰኝ በቀኝ በኩል ያለ መስኮት ሆነና ሰው ሁሉ በግራዬ ቀረ። አስተናጋጇ ምግብ ስታመጣ ጠይቃኝ ኖሯል። እኔ ክንፉን እያየሁ ስለነበር አልሰማኋትም፤ የተኛሁ መስሏት አለፈችኝ። ሽታው ሲመጣ ዞር ብል ሁሉም ይበላል። አጠገቤ የተቀመጠው ዲቪ ደርሶት የሚሄድ የጅማ ልጅ ነገሩ ገባው፤ ከሳህኑ ላይ እኩሌታውን ከፍሎ ወደ እኔ ገፋ። አይሆንም ብለው፣ "አባቴ፣ መሬት ላይ ብቻዬን በልቼ አላውቅም፣ አየር ላይ ልጀምር እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ቦታ ተቀያየርን። እሱ በቀኜ ሆነ፤ እስክንደርስ ድረስ አስተናጋጇ ስትመጣ ክንዴን ነካ ያደርገኝ ነበር።

እሑድ

ዋሽንግተን ስንወርድ ለሽማግሌ የሚሰጠው ተሽከርካሪ ወንበር መጣልኝ። መራመድ እችላለሁ ብዬ ነበር፤ የሚገፋው ልጅ አበሻ ሆኖ ተገኘና "ይቀመጡ አባባ፣ ሰልፉን የሚያሳልፈን ወንበሩ ነው" ብሎ አስቀመጠኝ። እውነቱን ነው፣ ሰልፉን ሁሉ በጎን አለፍነው።

ሻንጣ የሚወሰድበት ቦታ ላይ አንዲት ጆሮዋ የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ ልብስ ለብሳ ከፖሊስ ጋር ትዞራለች። እኛ ዘንድ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ከደጅ አያልፍም። እዚያ ግን ደመወዝተኛ ይመስላል። መጣች፣ ሻንጣዬን አሸተተች፣ ከፊቱም ቁጭ አለች። አትጮህም፣ አትነክስም፣ ዝም ብላ ቁጭ ማለት ነው ሥራዋ። ፖሊሷ ሻንጣውን አስከፈተችኝ። በሶው አለፈ፣ ሽሮውም አለፈ፣ ቋንጣው ግን ቀረ። ወንበሬን የሚገፋው ልጅ ከኔ ይልቅ እሱ አዘነ። "ይህቺ ውሻ ስንት ዶሮ ወጥ እንዳስቀረችብን ቢያውቁ" አለ። እኔ ግን አስካለ የቋጠረችውን ያን ሁሉ ላስቲክ አልፋ ማሽተቷ ደነቀኝ።

ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ኮለምበስ ገባሁ። የሺ፣ ባሏ መስፍንና ልጃቸው ሶስና በር ላይ ቆመዋል። ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። መኪናው ጋ ስንደርስ የሺ ከፊት እንድቀመጥ በሩን ከፈተችልኝ። መስፍን "ኖ፣ አባባ ከኔ ጀርባ ነው የሚሆኑት" አለና ከኋላ በግራ በኩል አስቀመጠኝ፣ ሶስናን በቀኜ።

መስፍን ይህን የማይረሳበት ምክንያት አለው። የሺን ሊጠይቁ ሽማግሌዎቹን የላከ ጊዜ በግራዬ ተደርድረው ተቀመጡ። ተነስተው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉኝ እኔ ከብቶቹ ለምን አልገቡም እያልኩ በር በሩን አያለሁ። እነሱ ዝምታዬን እምቢታ አድርገውት ላብ ላብ አላቸው። አስካለ ናት ከጓዳ ወጥታ "ወደ ቀኙ ዙሩ" ያለቻቸው። መስፍን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በግራዬ ሄዶ አያውቅም።

ቤታቸው ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር ነው፣ የተከራዩት፣ ፎቅና ምድር ያለው። ቤቱን የከበበው ሣር የአርሲን ሜዳ ያስንቃል። የሚበላው ከብት ግን የለም፤ በሞተር ያጭዱትና ይጥሉታል። በሩ ሲከፈት ከሶፋው ላይ አንዲት ነጭ ቡችላ ተኝታለች። ከሶፋ ላይ ነው የምላችሁ። እኛ በሩን ከፍተን፣ ሻንጣ ጎትተን፣ ተሳስመን ስንገባ ቀና እንኳ አላለችም።

ሰኞ

ጠዋት ነገሩን የሺ ነገረችኝ። ቡችላዋን ለሶስና የገዙላት ከከተማው ውጪ ውሻ ከምታረባ ሴት ነው። ሶስና ስኖው አለቻት፣ በረዶ ማለት ነው። አንድ ዓይኗ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ቤት ከገባች ወዲህ ግን ሲጠሯት አትመጣም፤ የቤት መጥረጊያው ማሽን አጠገቧ ሲጮህ ትተኛለች። ሴትየዋ ችግር ከተገኘባት እስከ ቅዳሜ መልሱልኝ ብላለች። መስፍንም ቁርጡን ተናግሯል። ሐሙስ የጆሮ ምርመራ አፖይንትመንት አላት፤ ደንቆሮ ናት ከተባለ ቅዳሜ ሪተርን ትደረጋለች። ሶስና ይህን ከሰማች ጀምሮ አባቷን ዓይን ዓይኑን አታይም።

እኔን ግን አልሸሸችኝም። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ውሻዋን አቅፋ በግራዬ ተቀምጣ የሆነ ነገር ትለኛለች ለካ፣ እኔ ዝም። ኋላ እናቷን ሄዳ አባባ ተቆጥቶኛል ብላ አለቀሰች። የሺ ስትነግረኝ ጠራኋትና ግራ ጆሮዬን በእጄ ከደንኩት፣ ከዚያ ቀኙን አሳየኋት። የወፍጮውን ነገር በቻልኩት ነገርኳት፣ ሞተሩንም በአፌ አስጮህኩላት። ሳቀች። ተነስታ በቀኜ መጥታ ተቀመጠች። ውሻዋንም ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችብኝ። በስድሳ ምናምን ዓመቴ ውሻ ታቀፍኩ። ማርያምን፣ ትሞቃለች።

ማታ መስፍን ከሥራ ሲገባ ይህቺ ውሻ ትሰማለች ብዬ አሳየሁት። ውሻዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ሳለ በእግሬ ወለሉን መታሁ። ወዲያው ዞረች። ደግሜ መታሁ፣ ደግማ ዞረች። ሶስና አጨበጨበች። መስፍን ግን "ሐኪሙ ይበል አባባ" አለና ለመታጠብ ገባ። እኔ ልቤ ሞልቷል። ጆሮዋ ተደፍኖ ነው እንጂ ውሻዋ ጤነኛ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ማክሰኞ

ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉ ሊጠይቁኝ መጡ። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ የራሳቸውን ቤት የገዙ፣ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው። የውሻዋን ጆሮ ሳወራቸው "ጋሽ ታደሰ፣ ለጆሮማ ጤና አዳም እያለ?" አሉኝ። እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። ልጅ ሆነን ጆሯችንን ሲያመን እናቶቻችን የሚያደርጉት ይኸው ነው፤ ጤና አዳም ወቅጠው በዘይት ለብ አድርገው ጠብ ያደርጉልናል። እትዬ ሙሉ ከበረንዳቸው ገንቦ ቀንበጡን ቆርጠው አመጡ፣ የኑግ ዘይትም ከሱቅ የመጣ ነበራቸው።

የሺ ውሻዋን ያዘች፣ ሶስና ጭንቅላቷን ዳበሰች፣ እኔ አንጠባጠብኩ። ሁለቱንም ጆሮ። እንዳይፈስ ብዬ የተወቀጠውን ቅጠል በጥጥ አድርጌ ገፋ አደረግኩት። ማታ ጥጡን ሳወጣው ቅጠሉ አብሮት አልወጣም፤ ሰርጎ ገብቶ ነው፣ መድኃኒቱ ሥራውን ይሥራ አልኩ። ቤቱ ሁሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተ። መስፍን ሲገባ ሽታውን ሰምቶ ቡና ሊያፈሉ ነው እንዴ አለ እንጂ ሌላ አልጠረጠረም።

ረቡዕ

መስፍን ኦፍ ስለነበር ከተማ ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ፣ ሁለታችን ብቻ፣ እኔ እንደ ልማዴ ከጀርባው። እሱ ትልቅ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፣ ከመጋዘን ወደ መጋዘን። በድልድዩ ላይ ወንዙን ተሻግረን ፍራንክሊንተን ገባን። አሮጌ ሰፈር ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር የተከራየበትን ቤት አሳየኝ፤ አሁን ቀለም ተቀብቶ ሌላ ሰው ይኖርበታል። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ "አባባ፣ በልጄ የምጨክን አይምሰልዎት" አለኝ።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ሎድ ጭኖ ሲሄድ ውሻ መንገዱ መሀል ቆሞ አየ። ያ መኪና እንደ ትንሽ መኪና ቶሎ አይቆምም። "ጥሩምባ ነፋሁ። ውሻ ጥሩምባ ሲሰማ ይሮጣል አይደል፣ እኔም ይሮጣል ብዬ ነው። ዞር እንኳ አላለም አባባ። ከጎማው ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቤት ስገባ ሶስና ሮጣ መጣች። እጄን ሳልታጠብ አላቀፍኳትም።" መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል። "በራችን ላይ መኪና አይቋረጥም። ያንን እሷ እንድታየው አልፈልግም።"

ሰውየው ለምን እንደጨከነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ግን በራሴ እርግጠኛ ስለነበርኩ አይዞህ፣ ትሰማለች፣ ነገ ታየዋለህ አልኩት። ስንመለስ ሙዝና ሐብሐብ ገዛልኝ። ሐብሐቡ ፍሬ የለውም። ፍሬ ከሌለው ከምን እንደበቀለ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሐሙስ

ሐኪም ቤቱ ደብሊን በሚባለው የሀብታም ሰፈር በኩል ነው። መስፍን ሥራ ስለገባ የሺ እኔን፣ ሶስናንና ስኖውን ጭና ነዳች፤ መውጫውን ስታ ሁለት ጊዜ ዞርን። ለእንስሳ የተሠራ ሐኪም ቤት ነው፣ ከአሰላው የሰው ሐኪም ቤት ይሰፋል፣ የሚጠብቁት ውሾችና ድመቶች ግን ሳይጣሉ በየወንበሩ ሥር ተቀምጠዋል።

ምርመራውን የምትሠራው ጆአን የምትባል ሴት ናት፣ የየሺ እኩያ ትሆናለች፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች። ስኖው በመርፌ ትንሽ እንድታንቀላፋ ተደረገች። ጆአን ጆሮዋን በመብራት አየት አደረገችና ቆሻሻ አለ ብላ ደጅ ደጁን በጥጥ ጠረገች። ከዚያ ከልብስ መስፊያ የቀጠኑ መርፌዎች ከቆዳዋ ሥር ብቻ ሰካች፣ አንዷን አናቷ ላይ፣ ሌሎቹን ከየጆሮዋ ፊት። ከመርፌዎቹ ሽቦ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ድምፅ የሚያመጣ ቱቦ ገባ።

እስኪጀመር ድረስ የሺን አስተርጓሚ አድርጌ ይህ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩ። ጆአን ሰው ሲጠይቃት ደስ የሚላት ሴት ናት። የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ከጆሮ ታምቡር ወዲያ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለች ቱቦ አለች፤ ውስጧ ውኃ ነው። ድምፅ ሲመጣ ውኃው ይናወጣል። በውኃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ ውኃው ሲያወዛውዛቸው ኮረንቲ ይፈጥራሉ። እኔ ኮረንቲ ከምሰሶ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ውሻም፣ ድመትም፣ ወፍም፣ እንቁራሪትም በጆሯቸው ውስጥ የየራሳቸው ኮረንቲ አላቸው። በቅሎስ አልኳት። በቅሎም አላት አለች።

ኮረንቲው ግን በጣም ትንሽ ነው። የሬዲዮ ባትሪ ከሱ ጋር ሲተያይ እንደ ቆቃ ግድብ ነው። ደግሞ ጡንቻውም አእምሮውም የየራሱን ኮረንቲ ስለሚያንሾካሹክ የጆሮው ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ማሽኑ ያንኑ ቀጭ የሚል ድምፅ ደጋግሞ፣ መቶ ጊዜም ከዚያ በላይም ያሰማታል፣ መልሱንም እያደራረበ ይደምረዋል። ሌላው ጫጫታ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የጆሮው መልስ ግን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ስለሚመጣ ይጠራል። ይህ አልከበደኝም፣ እህል ማንገዋለል ነው። አንዴ ብታነሳው ገለባ ብቻ ነው የምታየው፣ ደጋግመህ ስታነሳው ፍሬው ይቀራል።

የምትሰማ ውሻ መስመሯ ላይ ኮረብቶች ይወጣሉ አለች። የመጀመሪያዋ ኮረብታ ከራሱ ከጆሮው የምትነሳው ናት፤ የሚከተሉት ደግሞ መልእክቱ ወደ አእምሮ ሲጓዝ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ከአሰላ ተነስቶ ኢተያ፣ ዴራ፣ አዳማ እንደሚል መኪና ቁጠሩት። የማትሰማ ውሻ ግን መስመሯ ሜዳ ነው።

ቀኙ ተጀመረ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ከቱቦው አምልጦ በቀኝ ጆሮዬ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል። ሶስና ከኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። መስመሩ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እየረጋ እየረጋ ሄደ። ሜዳ ሆነ። ጆአን ግራውን ያዘች፣ ቀኙ እንዳያግዘው በቀኙ ዝናብ የመሰለ ድምፅ አሰማችበት። እሱም ሜዳ። ሶስና የሚተረጉምላት አላስፈለጋትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሺ እጄን ያዘችኝ። እኔ ያ በእግሬ የመታሁት ወለል ትዝ አለኝና ትሰማለች እኮ፣ በእግሬ ስመታ ዞራለች በያት አልኳት።

ጆአን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። በእግሯ ነው የሰማችው፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አለች። ይህን ስትል ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባኝ እኔን ነው። ግራ ጆሮዬ ከሞተ በኋላ ወፍጮው ሲዛባ የማውቀው በእግሬ ነበር። ትናንት መስፍንን አይዞህ ያልኩት ምላሴ ላይ መረረኝ።

ሴትየዋ ግን ተስፋ ለመቁረጥ የምትቸኩል አይደለችም። ድምፅ ወደ ቀንድ አውጣዋ የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ አለች፣ በአጥንት በኩል። ከጆሮዋ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ የሚንዘረዘር ትንሽ ነገር ደገፍ አደረገች። በቀኝ በኩል። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ላይ አንድ ነገር እብጥ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሶስና ከግድግዳው ዞረች።

የውስጡ ጆሮ ሕያው ነው፣ የተዘጋው ደጁ ነው አለች ጆአን። መብራቱን ወስዳ ሌላ ረዘም ያለ መመልከቻ አስገብታ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ግራ የገባት ትመስላለች። ጠልቆ የገባ አረንጓዴ ነገር አለ፣ ጆሮዋ ውስጥ ምን አስገባችሁ ብላ ጠየቀች። የሺ እኔን አየችኝ። ምንም ልትል እንደሆነ አወቅኩ፣ ልጄ አይደለች፣ ለኔ አፍራ ነው።

"ንገሪያት" አልኩ። "አባቴ ጤና አዳም አድርጎባት ነው በያት።"

"አባባ፣ ጤና አዳምን በእንግሊዝኛ ምን ልበላት?"

ሶስና ናት የጨረሰችው። በጣቷ ቅጠል ሠርታ፣ በሌላ ጣቷ ወደ ጆሮዋ እያንጠባጠበች አሳየቻት፣ መጨረሻ ላይ እኔን ጠቆመች። ጆአን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ያወጣችውን አረንጓዴ አሸተተችው፣ ጥሩ ይሸታል አለች። ቀጥላ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች፣ የሺም እኩል ቀስ ብላ ተረጎመች። ታምቡሩ ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ ያስገባሁት ነገር አልፎ እነዚያን ፀጉሮች ሊገድላቸው ይችል ነበር። እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ሰማሁ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሰውም በውሻም ጆሮ ጠብ ያደረግኩት ነገር የለም፤ ይህን ስጽፍ የሚያነቡ እናቶችም እንዲሰሙልኝ ነው።

ለብ ባለ ውኃ ሁለቱንም አጠበች፤ ከቀኙ ከቅጠሉ ወዲያ ከድሮ የደረቀ የጆሮ ኩክ ወጣ፣ መጀመሪያም የደፈነው እሱ ኖሯል። እንደገና በቱቦው ቀኙን ሞከረች። ከሜዳው ላይ ኮረብቶች ተነሱ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ በጠዋት ከአሰላ ቆሜ ጭላሎን እንደማየው ሆነው። ግራው ታጠበ፣ በቱቦም በአጥንትም ተሞከረ። ሜዳ ነው፣ ሜዳ ሆኖም ቀረ። ጆአን ምክንያቱን ነገረችን። ፀጉርንና ዓይንን የሚያቀልመው ነገር ጆሮ ውስጥም ሥራ አለው፤ ያችን ቀንድ አውጣ ባትሪዋን የሚሞላላት ወገን ያለሱ አይሠራም። ነጭ በሆኑ ውሾች ላይ ቀለሙ አንዳንዴ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል፣ ባትሪው በተወለደች በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፣ ፀጉሮቹም አብረው ይሞታሉ።

ስለዚህ በአንድ ጆሮ ትሰማለች። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ጥሩምባም ትሰማለች፤ ድምፁ ከየት በኩል እንደመጣ ግን አታውቅም። ከሷ ጋር የሚኖር ሰው ይህን ይወቅ አለች ጆአን።

መኪና ውስጥ ሶስና ውሻዋን ይዛ በቀኜ ተቀመጠች። የሺ ለመስፍን ኮል ላድርግለት አለች፣ ከዚያ እየነዳ ነው ብላ ተወችው። የሁላችንም ጭንቀት አንድ ነበር። መስፍን ያለው ደንቆሮ ከሆነች ትመለሳለች ነው። አንድ ጆሮ ደንቆሮ ነው ወይስ አይደለም?

ማታ ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ ታጠበ፣ ራት ቀረበ። የሺ ሁሉንም ነገረችው፣ የጤና አዳሙንም ሳትቀር። ጤና አዳሙ ጋ ስትደርስ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ሳቅ መጥቶ ዋጠው። ከየት እንደመጣ አታውቅም የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጉርሻውን አስቀመጠ። መንገዱ መሀል የቆመው ውሻ እንደታየው አወቅኩ። ሶስና እንጀራዋን ትቆራርሳለች፣ አትበላም። ስኖው ከእግሬ ሥር ተኝታለች።

"አባባ" አለ መስፍን፣ "እርስዎ መንገድ ላይ ሆነው ጥሩምባ ሲነፋ ምን ያደርጋሉ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። አሰብኩበት።

"እቆማለሁ" አልኩት። "ከየት እንደመጣ አላውቅማ። ልሩጥ ብል መኪናው ሥር ልገባ እችላለሁ። ባለሁበት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ ሹፌሩ በጎን ያልፈኛል። እስከ ዛሬ ያላለፈኝ የለም።"

"ያ ውሻ ሰምቶ ይሆናል እንግዲህ" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ "በየትኛው ነው የምትሰማው?" ሲል ጠየቀ። ሶስና በእንግሊዝኛ መለሰችለት፣ ጣቷን ግን ወደ ቀኝ ጆሮዬ ቀሰረች። መስፍን ተነሳ። ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ወንበሬን ዞሮ፣ ውሻዋ በተኛችበት በቀኟ በኩል ሄዶ ቁጢጥ አለ። እስከዚያ ሰዓት ስሟን ጠርቶ አያውቅም፣ ውሻዋ ነበር የሚላት።

"ስኖው" አለ፣ በቀስታ።

ቀና አለች። መጀመሪያ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ ፈለገችው፣ ኋላ አገኘችው።

"ያለ ገመድ ከበር አትወጣም" አለ መስፍን። "ደግሞ መቆም እናስተምራታለን፣ እንደ አባባ።" ተመልሶ ተቀመጠና እንጀራውን ቀጠለ። ሶስናም መብላት ጀመረች።

የመጨረሻው ቀን

ቅዳሜው አልፎ ውሻዋ አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አንድ በአንድ አልጽፍም፣ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉና። በየማታው መስፍን መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሶስና ውሻዋን በገመድ ይዛ በሰፈሩ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ታንሸራሽራለች፣ እሱ ጥሩምባ ይነፋል። ስኖው ከቆመች የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ሥጋ ታገኛለች፤ ከሮጠች ምንም። እትዬ ሙሉ ከበረንዳቸው ሆነው ይህ ሰውዬ ሰፈሩን ሊያሳብድ ነው ይላሉ፣ መልሰው ደግሞ ሥጋውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። የኔ ሥራ ከሶስና ጋር መሄድና መቆም ነበር። መምህር ሆንኩ ማለት ነው፣ ያውም ሳልናገር።

ክረምት ሳይገባ ወደ አገሬ የምመለስበት ቀን ደረሰ። የሺ ሻንጣዬን ሞላችው፣ ለአስካለ ያልተገዛ ነገር የለም። መስፍን ቀድሞ ወርዶ መኪናውን አስነሳ። ሶስና ስኖውን በገመድ ይዛ ከፊት፣ እኔ ሻንጣ እየጎተትኩ ከኋላ፣ ከበሩ ወጣን። መስፍን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየንና ጥሩምባውን አንዴ ነፋ።

ስኖው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።